ችግኙን በምን እናፍላው?

በዓሉን እንዴት አሳለፋችሁ? እኛ አምቦዎች ጥምቀትን በሰላም አክብረን፣ ታቦታቱን ሸኝተን ወደ ሥራችን ተመልሰናል። ቀን ቀን ፀሐዩ በርትቷል፤ ሌሊት ሌሊት ግን ብርዱ ገና አልለቀቀንም። ጓሮ ያላችሁ ሰዎች ለክረምት የሚተከለውን ችግኝ ማሰብ የምትጀምሩት እንግዲህ አሁን ነው። የዛሬው ጨዋታዬም ስለ ችግኝ ማፍያ ዕቃ ነው። «እርስዎ ነርስ አይደሉም እንዴ? ስለ ችግኝ ዕቃ ምን አገባዎት?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ያኔ ፍረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች «አኮ፣ እያንዳንዳችን አንድ ችግኝ አፍልተን እንድናመጣ ተብለናል» አለችኝ። አኮ በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው፤ በቤታችን ሁለቱም ቋንቋ ስለሚነገር ለእኔ የደረሰኝ ስም ይኸው ነው። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ እንግዲያው ዕቃ ፈልጊ» ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ። እሷም ከጎረቤት ልጆች ጋር ወጣች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት እየጎተተች መጣች። ሁለት የአምቦ ውሃ ፕላስቲክ፣ አንድ የእርጎ ኩባያ፣ አንድ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አወጣች። በመጨረሻም ወፍራም፣ ነጭ፣ አፈ ሰፊ የሆነ ሰማያዊ ክዳን ያለው ዕቃ አወጣችና «አኮ፣ ይሄ ነው ቆንጆው፤ የእኔ ይሄ ይሁን» አለችኝ። እውነትም ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር። አይሰበርም፣ አይጣመምም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ገልበጥ አድርጌ ሳየው ግማሹ የተላጠ ወረቀት ተለጥፎበታል። በወረቀቱ ጥግ ላይ የራስ ቅልና የተጠላለፉ ሁለት አጥንቶች ይታያሉ። የፀረ አረም ዕቃ ነበር። «የት አገኘሽው?» ስላት «ሁሉቃ ዳር» አለችኝ። «ግን አጥቤዋለሁ፣ አኮ። ወንዙ ውስጥ አጠብኩት።»

ጉልበቴ ከዳኝ። እጇን በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩ፣ ልብሷን ቀየርኩላት፣ ሌሎቹንም ልጆች ጠርቼ አስታጠብኳቸው። ዕቃውን በፌስታል ጠቅልዬ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አስቀመጥኩት። ልጅቷ «ምን አጠፋሁ?» ብላ አለቀሰች። ምንም አላጠፋችም። ያጠፋነው ትልልቆቹ ነን።

እንዲህ የደነገጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ ተረኛ ሳለሁ አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን አቅፋ እየሮጠች ገባች። የልጁ አፍ ምራቅና አረፋ ይደፍቃል፤ ላቡ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቧል፤ ደረቱ ያጉረመርማል። እነዚህን ምልክቶች አንድ ላይ ያየ የጤና ባለሙያ የፀረ ተባይ መርዝ መሆኑን ለመጠርጠር ጊዜ አይወስድበትም። ልብሱን አውልቀን ገላውን አጠብን፣ አትሮፒን ሰጠነው፣ ምራቁን እየጠረግን ወደ ሆስፒታል ይዘነው ሄድን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ተረፈ።

ነገሩ የታወቀው በማግስቱ ነው። አባትየው ለድንች የሚረጭ ፀረ ተባይ ገዝቶ ሲጨርስ ሁለት ባዶ ዕቃ ቀረ። እናትየው አንዱን አጥባ፣ ቆርጣ የቃሪያ ችግኝ አፈላችበት። ችግኙ አማረላት። ሁለተኛው ተራውን እየጠበቀ ከጣሪያው ጠብታ ሥር ተቀምጦ ነበርና የዝናብ ውሃ ተጠራቀመበት። ልጁ ሲጫወት ውሎ ጠማው። ጠጣ። እናትየዋ በልጇ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብላ ደጋግማ ትናገር የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለችግኝ ብዬ እኮ ነው ያስቀመጥኩት።»

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ለችግኝ ሲባል ማንኛውም ዕቃ የሚሆን ይመስለናል። «የሚበላበት አይደል፣ የሚጠጣበት አይደል፤ አፈር ነው የሚገባበት» እንላለን። ዕቃው ግን የሚቀመጠው ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ነው፤ አፈሩን የሚነካው የልጅ እጅ ነው፤ ችግኙ ተነቅሎ ሲተከል ደግሞ ዕቃው ባዶውን ይቀራል። ባዶ ዕቃ በእኛ ቤት መቼም ሥራ አያጣም።

ቋንቋችንም ትንሽ ያሳስተናል። የአረም መድኃኒት፣ የነቀዝ መድኃኒት፣ የበረሮ መድኃኒት እንላለን። በኦሮምኛም ያው «ቆሪቻ» ነው፤ ለሰው የሚሰጠውም ቆሪቻ፣ አረም የሚያደርቀውም ቆሪቻ። ልጁ ሲያመው ሽሮፕ እየሰጠነው «መድኃኒትህን ጠጣ» የምንለውን ቃል መልሰን ለመርዙ እንጠቀምበታለን። እኔ በቤቴ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ «የአረም መርዝ» ማለት ጀምሬአለሁ። እናንተም ሞክሩት፤ ወጪ የለውም።

ስለዚህ የችግኝ ዕቃ ስትመርጡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ እላለሁ። ዕቃው ከየት መጣ? ለሥሩ ይበቃዋል፣ ውሃስ ያሳልፋል? ችግኙ ሲወጣ ዕቃው የት ይሄዳል?

ከመጀመሪያው ልጀምር። ፀረ ተባይ፣ ፀረ አረም ወይም የዘር መርዝ የነበረበት ዕቃ ለችግኝ አይሆንም። ሦስት ጊዜ ቢታጠብም፣ በሳሙና ቢፈተግም አይሆንም፤ ኬሚካሉ በፕላስቲኩ ግድግዳና በክዳኑ ጥርስ ውስጥ ይቀራል። የነቀዝ ክኒን የያዘ ጣሳ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ክኒኑ የሚሠራው እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ በማውጣት ነው፤ በጣሳው ውስጥ የቀረ ዱቄት ካለ «ልጠበው» ብላችሁ ውሃ ስትጨምሩ ጋዙን ራሳችሁ ትጠሩታላችሁ። የመኪና ባትሪ ሳጥንም ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ሰው ለአበባ ይመርጠዋል። በውስጡ የነበረው እርሳስና አሲድ ነው። እርሳስ የሕፃን አእምሮ የሚጎዳ ነገር ነው፤ መጠኑ ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። የቀለም ቆርቆሮ፣ የሞተር ዘይት ጄሪካን፣ እንዲሁም ከጤና ተቋም የወጣ ማንኛውም ሣጥንና ጠርሙስ ይቅርባችሁ።

እንግዲህ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ባዶ ዕቃ ካለ ምን ይደረግ? ገበሬ ከሆናችሁ መርጫው ውስጥ ስትበጠብጡ ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቅልቁና እጣቢውን እዚያው መርጫው ውስጥ ጨምሩት፤ ከዚያ ማንም ዳግም እንዳይጠቀምበት ብሱት። ወንዝ ውስጥ አትጣሉት፣ ግቢ ውስጥም አታቃጥሉት። የት እንደሚሰበሰብ የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የልጅ ልጄን ነጭ ዕቃ እኔም እንዲሁ አድርጌ ለባለሙያ አስረክቤዋለሁ።

አያድርስና ልጅ መርዝ ቢጠጣ ወይም ቢነካ፣ ለማስመለስ ብላችሁ ጣት አትክተቱበት፤ ወተትም ዘይትም አትጋቱት። ልብሱን አውልቁ፣ የነካውን ገላ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ፣ ዕቃውን ወይም ወረቀቱን በፌስታል ይዛችሁ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ሩጡ። ወረቀቱን ያየ ባለሙያ የሚሰጠውን ቶሎ ያውቃል።

ታዲያ ለችግኝ የሚሆነው የቱ ነው? የምግብና የመጠጥ ዕቃ የነበረ ሁሉ ይሆናል። የውሃ ፕላስቲክ፣ የእርጎ ኩባያ፣ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን ተቆርጦ፣ የሸክላ ዕቃ፣ የተሰበረ ገንቦ ግማሹ። የድልህ ጣሳም ይሆናል፤ ነገር ግን ከንፈሩ እጅ እንዳይቆርጥ በድንጋይ ቀጥቅጡት። በዝገትና በአፈር የቆሸሸ ቁስል የመንጋጋ ቆልፍ በር ነውና የልጆቻችሁን ክትባት አታጓድሉ። ልጆች አፈር ሲሞሉ ጫማ ያድርጉ፤ ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጥፍራቸው ይቆረጥ። ፍግና አፈር ውስጥ የወስፋት እንቁላል እንዳለ በሥራ ዘመኔ ከበቂ በላይ አይቻለሁ።

ያገለገለ የችግኝ ዕቃ ደግሞ ሳይታጠብ አዲስ ዘር አይዘራበት። ቡቃያው ገና ሁለት ቅጠል እያለ ከግርጌው ቀጥኖና ጠቁሮ ድፍት የሚልባችሁ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በአሮጌው አፈር ያደረ ሻጋታና የበዛ ውሃ ነው። ጤና ጣቢያ የሕክምና መሣሪያ እንነክርበት የነበረውን መላ እዚህም እጠቀምበታለሁ። አንድ እጅ ባለ 5 ከመቶ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጬ፣ በሳሙና የታጠበውን ዕቃ 10 ደቂቃ እነክራለሁ፤ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ አደርቃለሁ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። በውሃ ፕላስቲክ አድርጋችሁም አታስቀምጡ፤ የሁለተኛው ልጅ አደጋ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ፤ ስለ ሥር። ችግኝ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ አዲስ ዓለምን ታልፋላችሁ። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ገደማ አፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ማገዶ እየጠፋ ስላስቸገራቸው ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው፣ ቤተ መንግሥትም አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባ ባለችበት የቀረችው ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ስለደረሰላት ነው። የከተማ ዕጣ በችግኝ ሲወሰን እንዲህ በቅርባችን አለ።

እኔ ግን ይህን እያወቅሁ በራሴ ጓሮ ተሳስቻለሁ። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አራት የአቮካዶ ችግኝ ገዝቼ ተከልኩ። ቁመታቸው አምሮኝ ረጃጅሞቹን ነበር የመረጥኩት። በጠባብ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ቆይተው ነበርና ሥራቸውን ሳላይ፣ ሳልፈታ ቀበርኳቸው። ሁለት ዓመት ለምልመው በሦስተኛው ክረምት አንዱን ነፋስ ገፍቶ ጣለው። ሳየው ሥሩ እንደ ጥምጥም በራሱ ላይ ተጠምጥሟል፤ አንድም ወደ ጎን የዘለቀ ሥር የለውም። አፈር ውስጥ ሆኖም ዕቃው ውስጥ እንዳለ ነበር የኖረው። ችግኝ ስትገዙ እንግዲህ ቁመቱን ብቻ አትዩ። ከሥር ቀዳዳው ወፍራም ሥር ወጥቶ ከሆነ፣ ወይም ግንዱ ረዝሞ ዕቃው ትንሽ ከሆነ ተዉት። አጠር ያለው ይሻላችኋል።

የፕላስቲክ ቱቦ ስትገዙ ደግሞ ቁጥሩን ተረዱ። ነጋዴው «ባለ 8» ሲላችሁ የሚለካው ጠፍጣፋውን ስፋት ነው። አፈር ሲሞላ ግን ይከብና አፉ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ባለ 12 የሚባለው ሲሞላ 7 ተኩል ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ባለ 8ቱ በ15 ሳንቲ ሜትር ቁመት የሚይዘው አፈር 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ ባለ 12ቱ በ22 ሳንቲ ሜትር ቁመት አንድ ሊትር ይይዛል። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ለ100 ትንንሽ ቱቦ አንድ ተኩል ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አፈር ሲበቃችሁ፣ ለ100 ትልልቅ 5 ጄሪካን ታዘጋጃላችሁ። ጥቂት ሳምንት ብቻ ለሚቆይ ትንሹ ይበቃል፤ ለቡናና ወራት ለሚቆይ የፍራፍሬ ችግኝ ትልቁ ነው የሚያዋጣው። ባኮ አካባቢ ፓፓያ የምታፈሉ ደግሞ ዘሩን በቀጥታ ቱቦው ውስጥ ዝሩት፤ ፓፓያ ሥሩ ሲነካ አይወድም።

በየጉድጓዱ አንዳንድ ዘር የሚዘራበት ትሪም አሁን አሁን ገበያ ላይ ይታያል። ሰው ቁጥሩ የበዛውን ይመርጣል፤ «200 ችግኝ በአንድ ትሪ!» እያለ። በአንድ ዓይነት ስፋት ላይ ጉድጓዱ በበዛ ቁጥር ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። በባለ 200ው አንዱ ጉድጓድ የሚይዘው አፈር ከአንድ የሾርባ ማንኪያ እምብዛም አይበልጥም። የጥር ፀሐይ ያንን ለማድረቅ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚያጠጣ ሠራተኛ ላለው ይመቻል። እንደ እኔ ጠዋት አጠጥቶ ለቅሶ ወይም ማኅበር ለሚሄድ ሰው ጉድጓዱ ጥቂት፣ ሆዱ ሰፊ የሆነው ይሻላል። ትሪውን በቀጥታ መሬት ላይ ከማስቀመጥ ከፍ ካለ ርብራብ ላይ አድርጉት፤ ከሥሩ ነፋስ ሲያገኘው የሥሩ ጫፍ ደርቆ ይቆማል፤ በምትኩ ከላይ ጎን ጎኑን ብዙ ትንንሽ ሥር ያወጣል።

ሁሉም ነገር ግን ዕቃ አይፈልግም። ጥቅል ጎመን፣ ሐበሻ ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት በደንብ በለሰለሰ መደብ ላይ ፈልተው ይነቀላሉ፣ ይተከላሉ። ካሮት ጨርሶ አይዛወርም፤ እዚያው የተዘራበት ያድጋል። ስለዚህ ገንዘባችሁን በቁጠባ አውጡ። ዕቃ የሚያዋጣው ጥቂት ዘር ላላችሁበት፣ ለፍራፍሬ፣ ለቡና፣ ግቢ ለሌለው ሰው ደግሞ ለቲማቲምና ለቃሪያ ነው።

ውሃ ማሳለፊያን በተመለከተ አንድ የቆየ ልማድ አለን። ቀዳዳ ከመብሳት ይልቅ ከዕቃው ሥር ጠጠር እናነጥፋለን። ጠጠሩ አይጠቅምም። ይህን ለልጆቻችሁ በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ልታሳዩአቸው ትችላላችሁ። ስፖንጁን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አግድም ያዙት፤ የሚፈሰው ፈስሶ ይቆማል። ከዚያ ሳትጨምቁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ እንደገና ይንጠባጠባል። አፈርም እንደዚያው ነው። አጭር ዕቃ ከታች ውሃ አቁሮ ይይዛል፤ ረዥሙ ይጠነፍፋል። ጠጠር ስታነጥፉ የአፈሩን ቁመት ታሳጥራላችሁና ረግረጉን ወደ ሥሩ ታቀርቡታላችሁ። ቦታውን ለአፈር ተዉለትና ከታች አራት አምስት ቀዳዳ ብሱ።

አፈሩ ራሱም ያሳልፍ። እኛ የምንጠቀመው ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ጊንጪና አካባቢዋ ያላችሁ ግን መረሬ አፈራችሁ ሲረጥብ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ነውና አሸዋና ኮምፖስቱን ጨመር አድርጉበት። ውሃ የተኛበት ዕቃ የትንኝ መራቢያ መሆኑንም አትርሱ፤ ወባ ባለበት ቆላማ አካባቢ ይህ የአትክልት ብቻ ጉዳይ አይደለም።

የውሃ ፕላስቲክ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። ብርሃን የሚያሳልፍ ዕቃ ውስጡ አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል፤ ሥሩም ብርሃን አይወድም። ዙሪያውን በወረቀት ጠቅልሉት ወይም ጭቃ ቀቡት።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ዕቃው በኋላ የት ይሄዳል? ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ሁላችንም ችግኝ እንተክላለን። በአንድ የተከላ ቀን አጠገቤ የነበሩ ልጆች ችግኙን ከነፕላስቲኩ ሲቀብሩ አየሁ። «ተዉ እንጂ፣ ይህ እኮ እግሩ እንደታሰረ ሰው ነው» ብዬ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀድደው እንዲያወጡ አሳየኋቸው። የወጣውን ፕላስቲክ ደግሞ ቆጥሮ መሰብሰብ ነው። አሥር ችግኝ ከተተከለ አሥር ፕላስቲክ መመለስ አለበት። ከብት ይበላዋል፤ የበላ ላም ሆዷ ተነፍቶ ምን እንደምትሆን ገጠር ያደገ ያውቃል።

እናቴ የወንጪ ሰው ነበረች፤ ይህ ችግር አልነበረባትም። የደረቀ የእንሰት ልጣጭ በእጇ ጠቅልላ፣ በቃጫ አስራ አፈር ትሞላበት ነበር። ሲተከል ከነዕቃው ይቀበራል፤ አብሮ ይበሰብሳል። የሚሰበሰብ የለም፣ ለልጅ የሚያሰጋ የለም። እንሰት የሌላችሁ ደግሞ ጋዜጣ አለላችሁ። ሁለት ሦስት ድርብ አድርጋችሁ በብርጭቆ ላይ ጠቅልሉ፤ ከሥሩ አጥፋችሁ ብርጭቆውን አውጡ። ሦስት አራት ሳምንት ለሚቆይ የቲማቲም ወይም የቃሪያ ቡቃያ በቂ ነው። ሲተከል ከንፈሩ ከአፈር በላይ እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ከላይ የቀረው ወረቀት እየደረቀ እርጥበቱን ይስበዋል። ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ በእሱ መጀመር ትችላላችሁ፤ እኔ ቅር አይለኝም።

የልጅ ልጄ በመጨረሻ የአምቦ ውሃውን ፕላስቲክ መረጠች። ሚስማሩን አግዬ የበሳሁት እኔ ነኝ፤ በጭቃ የቀባችው እሷ ናት። ሦስት የቃሪያ ዘር ከተተችበት። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ሳታስቀምጥ ወደዚያ ትሮጣለች። ትናንት ደግሞ የጎረቤት ልጅ አንድ ጣሳ ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ አስቁማ «መጀመሪያ ከየት እንዳመጣኸው ንገረኝ» ስትለው ሰማኋት።

ዛሬ ቅዳሜ ነውና ቤት የምትውሉ ወላጆችና አያቶች አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ግቢያችሁን ዙሩ፤ ከቤቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ከጣሪያው ጠብታ ሥር «ለአንድ ነገር ይሆናል» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ዕቃ አንድ በአንድ አንሥታችሁ ወረቀቱን አንብቡ። ከየት እንደመጣ የማታውቁት ካለ ለችግኝም ቢሆን አታስቀምጡት።

የሳምንት ሰው ይበለን፤ ቸር ሰንብቱ።